ዶልፊን ውስጥ ጠቅልሎ መኖር፣ ያውም ባሕር ዳር፦ የሞከረ አለ?

የዶልፊኑ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ጥያቄዬ ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል፣ እኔ ግን የምሬን ነው።

አጎቴ ለዓመታት ታክሲ ሲሠራባት የኖረች ዶልፊን ሚኒባስ አለች። ፋይቭ ኤል ሞተር፣ ናፍጣ። አሁን ወገቡ እምቢ ስላለው በዱቤ ለኔ ለቀቀልኝ። የኔ ሥራ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ የማስታወቂያና የመጽሐፍ ሽፋን ዲዛይን፤ መብራትና ኔትወርክ ካለኝ የትም ብቀመጥ ግድ የለኝም። የምኖረው ሽምብጥ ተከራይቼ ነው። አከራዬ በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ ጨምር አሉኝ። የተባልኩ ዕለት ማታ ዝናቡ እስኪያባራ መኪናዋ ውስጥ ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ፣ ለምን እዚሁ አልኖርም አልኩ። ይኸው ሐሳቡ ከዚያ ወዲህ አልለቀቀኝም።

ዕቅዱ እንዲህ ነው። ወንበሮቹን አወጣለሁ፣ በኮምፔንሳቶ አልጋና ትንሽ ጠረጴዛ አሠራለሁ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሶላር አስራለሁ። ብዙውን ጊዜ ባሕር ዳር ነኝ። ሲሰለቸኝ ዘጌ። ሲያሰኘኝ በወረታ አድርጌ ጎንደር፣ ከዚያ ጎርጎራ ወርጄ ጣናን ከወዲያኛው ጫፍ ማየት። የውጭ ሰዎች እንዲህ ሲኖሩ ዩቲዩብ ላይ ሳይ ከርሜያለሁ፣ አልዋሽም።

አሁን የምጠይቃችሁ፦ ሌሊት የት ነው የሚታደረው? ሐይቁ ዳር አቁሜ ብተኛ ችግር አለው? መብራቱስ ምን ያህል ባትሪ ይበቃኛል? ሽንት ቤትና ሻወር (ይቅርታ፣ ግን መጠየቅ አለበት) እንዴት ይሆናል? ደግሞ ቡና ያለ ከሰል አልወድም፣ ትንሽ ምድጃ ይዤ ብገባስ?

እናቴ ዳንግላ ናት። በስልክ ስነግራት ዝም አለችና «ልጄ፣ ቤት አጣህ እንዴ?» አለችኝ። እስካሁን ስለት ሳትሳል አልቀረችም።

ባለተሳቢው

ስማኝ ወንድምዓለም። እኔ 19 ዓመት ሙሉ መኪና ውስጥ ኖሬያለሁ፣ ማንም ግን ቪዲዮ አልቀረጸኝም። ጅቡቲ መስመር የሚሠራ ሹፌር ሁሉ እንዲሁ ነው። ድንበሩ ጋላፊ ላይ ወረፋ ስትጠብቅ ሳምንት ካቢን ውስጥ ታድራለህ፣ እዚያው ትበላለህ፣ እዚያው ትታመማለህ። ስለዚህ «ይቻላል ወይ» ለሚለው መልሱ ይቻላል ነው። ከባዱ ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ግን ከሰሉን ተወው። የምለምንህ ይህን አንድ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ አድረን ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ከኛ ጋር የነበረ ረዳት ቡና ያፈላበትን ምድጃ፣ ፍሙ ሊጠፋ የደረሰ መስሎት፣ እግሩ ሥር አድርጎ መስኮት ዘግቶ ተኛ። ሌሊት ሽንቴን ልሸና ስወርድ በሩን ባላንኳኳ ኖሮ ሞቶ ነበር። ስከፍተው ዓይኑ ተከፍቷል፣ አፉ ግን ቃል አያወጣም። አንጠልጥለን አውርደን መሬት ላይ አስተኛነው፣ እስኪነጋ አስመለሰው። ጭስ አልነበረም፣ ሽታም አልነበረም፣ የሚገድለው እኮ ጭሱ አይደለም፣ ከፍሙ የሚወጣው የማይታይ የማይሸት ጋዝ ነው። ቡናህን ውጭ አፍላ። ፍሙን ውጭ ድፋ። ምድጃውን ራሱ ቀዝቅዞ በእጅህ እስክትይዘው ድረስ አታስገባው።

ሁለተኛ፣ ሐይቅ ዳር ብቻህን አትደር። ጣናን የምታውቀው ቀን ከሆነ ሌሊቱን አታውቀውም። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይተኛል፣ ሲመሽ ሣር ፍለጋ ይወጣል፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። መኪናህን አይበላም፣ ግን ሽንትህን ልትሸና ወርደህ ከሱና ከውሃው መሀል ብትገኝ ምን እንደሚሆን ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቃቸው።

የት ልደር ላልከው፣ ዘበኛ ያለበት ግቢ እደር። አነስ ያለ ሆቴል ግቢ፣ ወይም ማደያ። ገብተህ ከመተኛትህ በፊት ወርደህ ሰላም በል፣ ስምህን ተናገር፣ እራት እዚያው ብላ። ዘበኛው ካወቀህ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅህ ሰው አለህ። ካላወቀህ ግን ራሱ ነው የሚጠረጥርህ፣ ምን አደረገ ብለህ አትፍረድበት፣ መጋረጃ የተጋረደ መኪና ውስጥ ማን እንዳለ በምን ያውቃል?

ሦስተኛ፣ መንገድ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ በዚህ በኛ በኩል መንገድ ዛሬ ክፍት ነገ ዝግ ነው። ካርታ አይቶ መነሣት የለም። ጎንደር መሄድ ስትፈልግ ጠዋት መነኸሪያ ውረድ፣ ትናንት ማታ የገቡ ሹፌሮችን ጠይቅ፣ ወጣሁ የሚልህ ካለ ተከተለው። ከ12 ሰዓት በኋላ መሪ አትያዝ። ነዳጅ ደግሞ ግማሽ ሲሆን ሙላ፣ አንዱ ማደያ ሰልፍ ነው፣ ሌላው የለም ይልሃል፣ ሌላው አለው ግን ኔትወርክ ጠፍቶ በስልክ መክፈል አልተቻለም።

አዲስ አበባ የምትወርድ ከሆነ ደግሞ ስለ ዓባይ በረሃ ለብቻው ጻፍልኝ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሹ ቁልቁለት። አልጋ፣ ባትሪ፣ ውሃ የጫነች ዶልፊን ሰው ከጫነች ዶልፊን አትለይም። በከባድ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን እየቆጠብክ። ፍሬን ሸራ ሲሸት ካቆምክ ዘግይተሃል።

ፊውዝ አይርሳ

የመብራቱን እኔ ልመልስ፣ ፔዳ አካባቢ ሶላር እገጥማለሁ።

ሰዎች ሁልጊዜ የሚጀምሩት ከፓነሉ ነው። ከሚበላው ጀምር። ላፕቶፕህ 60 ዋት ቢስብና 8 ሰዓት ብትሠራ 480 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ትንሽ ፋን ሌሊቱን ሙሉ ከሠራ ወደ 150። መብራት፣ ስልክ፣ ዋይፋይ ተደምሮ 100 በል። ስለዚህ በቀን 730 አካባቢ ነህ። ባለ 200 ዋት ፓነል በበጋ ባሕር ዳር ላይ ይህን ይሸፍንልሃል። ክረምት ላይ ግን ግማሹን ካገኘህ ተመስገን በል፣ ሐምሌ ላይ ሰማዩ ለሦስት ቀን ሲዘጋ አንዳንዴ ግማሹም የለም። ያኔ ወይ ትነዳለህ ወይ ካፌ ትገባለህ።

ባትሪ ላይ አትቆጥብ። 100 አምፔር ሰዓት፣ 12 ቮልት ሲሉህ 1200 ዋት ሰዓት ነው። የአሲዱን ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ካወረድከው ዕድሜው ያጥራል፣ ስለዚህ የምትጠቀመው 600 ነው፣ ያንተን አንድ ቀን እንኳ አይሸፍንም። ሊቲየሙ (ብረትና ፎስፌት ያለበት ዓይነት) ወደ 1000 ይሰጥሃል። የሞተሩን ባትሪ ፈጽሞ አትንካው፣ ጠዋት ሞተሪኖው «ጭጭ» ሲልህ ያኔ ትገፋለህ። ስትነዳ ከዲናሞው ለሁለተኛው ባትሪ እንዲሞላ መሀል ላይ መለያ ይገጠምለታል፣ ከባድ ሥራ አይደለም።

ፓነሉን ጣሪያው ላይ አትለጥፈው፣ ፖርቶመጋላው ላይ ከፍ ብሎ ይታሰር። ሥሩ አየር ካላለፈ ይግላል፣ ሲግል ደግሞ ምርቱ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ለጣሪያህ ጥላ ይሆንልሃል።

እንጀራ እጋግራለሁ ብለህ እንዳታስብ ብቻ። ባለፈው አንድ ሰው በኢንቨርተር ምጣድ ግጠምልኝ ብሎኝ በሳቅ ገደለኝ። ምጣድ ወደ 3500 ዋት ነው። በ12 ቮልት ሲሰላ 300 አምፔር ሊሞላ ምንም አይቀረው፣ ሽቦው ራሱ ምጣድ ይሆናል። እንጀራ ግዛ።

ፊውዙ ደግሞ ባትሪው አፍ ላይ ይሁን። ሌላው ጫፍ ላይ ከሆነ ለምንም አይጠቅምህም፣ ሽቦው መሀል ላይ ቢላጥና ላሜራውን ቢነካ እሳት ነው።

ቦሎ ያሳሰበው

ሁሉም አልጋና ሶላር ያወራል፣ ሊብሬውን ያየ የለም። ሊብሬህ ላይ የወንበር ብዛት ተጽፏል። ወንበር አውጥተህ ዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ የተጻፈውና መኪናዋ አይገጥምም፣ ቦሎ አይሰጡህም። ወይ ለውጡን ቀድመህ አስፈቅደህ አስመዝግብ፣ ወይ አልጋውን በቡሎን የሚፈታ አድርገህ ሥራና ወንበሮቹን አስቀምጥ። ወንበሮቹን እንዳትሸጥ! የታክሲ ታርጋዋ ላይ ከሆነችም የምትሠራበት ሁኔታ ስለተለወጠ እሱንም ጠይቅ። ኢንሹራንሱም እንደዚያው።

ነጭ ጋዋን

ሰላም ወንድሜ። እኔ ነርስ ነኝ። በፍላጎት ሳይሆን በግድ መኪና ውስጥ አድሬ ስለማውቅ ልጻፍልህ ብዬ ነው።

ለመስክ ሥራ ፎገራ ወጥተን ነበር፣ ነሐሴ ላይ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ያ ሜዳ ምን እንደሚመስል ያየ ያውቀዋል፣ ሩዙ ራሱ ጫፉ ብቻ ነው የሚታየው። ሾፌራችን አቋራጭ አውቃለሁ አለ። ዋልካው ላይ ገባን፣ ጎማው ግማሽ ድረስ ሰመጠ፣ በቃ። ሁለት ሌሊት አራት ሰው እዚያ። ዝናብ ስለነበር መስኮት ዘጋን። ጠዋት ስነሣ በእንቅልፌ ያለቀስኩ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የአራታችን ትንፋሽ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ፊቴ ላይ ይንጠባጠባል። ጋቢዬ ተጨምቆ ይፈስ ነበር። ስለዚህ ዝናብም ቢሆን ሁለት መስኮት በሁለት ጣት ያህል ክፈት፣ በተቃራኒ ጎን። መስኮቱ ላይ ደግሞ ወንፊት ሽቦ ወይም የአጎበር ጨርቅ አስገጥም፣ ይህ ቅንጦት አይደለም። ባሕር ዳር 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ከ2000 በታች ያለ አገር ደግሞ የወባ አገር ነው። የሚብሰው ክረምቱ እንደወጣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው፣ ከዚያ ሚያዝያ አጋማሽ ጀምሮ እስከ ሰኔ ይመለሳል። አልጋህ ላይም አጎበር ስቀል። ትኩሳት ከተሰማህ «የመንገድ ድካም ነው» ብለህ አትተኛ፣ የዚያኑ ቀን ተመርመር።

ጣና ውስጥ አትታጠብ። አውቃለሁ፣ ሁላችንም ልጅ ሆነን ዋኝተናል። ዳር ዳሩ ላይ፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ያለበት ቦታ፣ ቢልሃርዚያ አለ። ቁስል እንኳ አይፈልግም፣ በጤነኛ ቆዳ ነው የሚገባው። ለመጠጥም ቢሆን ወይ አፍላ ወይ ውሃ አጋር ጨምርበት።

ሽንት ቤት ጠይቀህ ነበር። አንተ ወንድ ስለሆንክ ግማሹ ችግር የለብህም፣ እኔ በዚያ ሁለት ሌሊት ውሃ መጠጣት ነው ያቆምኩት። ግቢ ውስጥ የሚታደርበት ዋናው ምክንያት ለኔ ይሄ ነው፣ ባለተሳቢው ግን ወንድ ስለሆነ አልጠቀሰውም 😄

ባለተሳቢው

ሲስተር፣ ተቀብያለሁ። እውነት ነው።

ከስቱትጋርት

እኔ እዚህ ጀርመን አገር ከጓደኛዬ ጋር አሮጌ ቫን ገዝተን ሁለት በጋ ተጉዘንበታል። አንድ ነገር ገርሞኝ ነው የምጽፈው። እዚህ ለዕረፍት ብለህ አንድ ሌሊት መንገድ ዳር መኪናህ ውስጥ ብትተኛ ማንም አይናገርህም፣ ወንበርና ጠረጴዛ አውጥተህ ሻይ ካፈላህ ግን ካምፕ ሠራህ ብለው ሊቀጡህ ይችላሉ። ስለዚህ ጥበቡ ሁሉ አለመታየት ነው። አምሽተህ ትገባለህ፣ መብራት አታበራም፣ በጠዋት ውልቅ። ሁለት በጋ ሙሉ ከጎኔ ያደረ ሰው ስሙን አላውቅም። ባለተሳቢው ያለውን ሳነብ ሆዴ ባባ፣ እዚያ ሰላም ሳትል ማደር አትችልም፣ እዚህ ሰላም ካልክ ያስነሡሃል።

በነገራችን ላይ ጎርጎራ ድሮ የታወቀች ነበረች። ከካይሮ ተነሥተው ኬፕ ታውን የሚወርዱ ባለመኪናዎች በመተማ ገብተው ጎንደር፣ ከዚያ ጎርጎራ ሐይቁ ዳር ድንኳን ተክለው ቀናት ያርፉ ነበር። ስለዚህ አዲስ ነገር እየፈጠርክ አይደለም፣ አዲስ የሆነው ታርጋህ ነው።

የዶልፊኑ ልጅ

ጋሼ ባለተሳቢው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ምድጃውን ገዝቼው ነበር፣ ለጎረቤት ሰጠሁት። ቡናውን አሁን በትንሽ ቡታጋዝ ነው፣ በር ከፍቼ። ያው አይሆንም እንጂ።

ወዲያው ከመግባቴ በፊት ልሞክራት ብዬ ዓባይ ማዶ ጓደኛዬ ግቢ 12 ሌሊት አደርኩባት። ወንበሮቹን አውጥቼ፣ ኮምፔንሳቶውን ገና ሳልቀባው፣ ስፖንጅ ዘርግቼ። የሆነውን ላጫውታችሁ።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ መስኮቱ በዱላ ተንኳኳ። ነፍሴ ወጣች። የሰፈሩ ዘበኛ ናቸው። «ልጄ፣ ደኅና ነህ?» አሉኝ። ደኅና ነኝ አባባ፣ ተኝቼ ነው። «እንግዲያስ ተኛ» ብለው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመልሰው መጡ። «አልነቃህም?» ሦስተኛው ሌሊት ላይ ሻይ ጋብዣቸው ሁሉንም ነገር ቁጭ ብዬ አስረዳኋቸው። ሶላሩን አሳየኋቸው። ከዚያ በኋላ አላንኳኩም፣ ግን መኪናዋ ጎን ድንጋይ አምጥተው እዚያው ተቀምጠው ማደር ጀመሩ፤ ሬዲዮናቸውን ከፍተው። አልተኛሁም።

ከጎን ያሉ እናት ደግሞ ሁለተኛው ቀን ማታ ልጃቸውን በሳህን ሽሮና እንጀራ አስይዘው ላኩብኝ። እንግዳ ነው ብለው መሰለኝ። አመሰገንኩ። በሦስተኛውም ቀን መጣ። በአራተኛው ቀን ልጁን ቤት አለኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ሙከራ ላይ ነኝ ብለህ ንገራቸው አልኩት። ሄዶ ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ በአምስተኛው ቀን ሽሮው ላይ እንቁላል ተጨምሮበት መጣ።

ሙቀቱ እንደፈራሁት አልሆነም፣ መስከረም ስለሆነ ነው። መጋቢትና ሚያዝያን ሳላይ አልፎክርም፣ ቀን ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ላሜራው እጅ ያቃጥል ነበር፤ ሥራዬን ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ተቀምጬ ነው የሠራሁት። ዝናብ ሲመታት ጣሪያዋ ከበሮ ነው፣ ስልክ ማውራት አይቻልም። አንድ ደንበኛ «የት ሆነህ ነው?» ሲለኝ ፋብሪካ ነኝ አልኩት።

ሻወሩ ነገር ያሳቀኝ፣ መኪናዋን ላሳጥብ ላቫጆ ሄጄ ልጆቹ «ለአንተም እናግኝልህ» ብለው ጓሮ ያለችውን ሻወር አሳዩኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለታችንም እንታጠባለን።

ውሳኔዬ፦ እስከ ጥር ግማሽ ግማሽ ላደርገው ነው። ቤቱን ለቅቄ፣ ዕቃዬን ጓደኛዬ ጋ አስቀምጬ፣ እሱ ግቢ አድራለሁ፣ ለሱም ትንሽ እከፍላለሁ። ከአጎበሩና ከወንፊቱ በኋላ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ለጥምቀት ጎንደር ለመድረስ ነው ሐሳቤ።

ቦሎ ያሳሰበው

ወንበሮቹስ?

የዶልፊኑ ልጅ

ወንበሮቹን አልሸጥኩም፣ እንዳልከኝ። ማስቀመጫ ስላልነበረኝ ዳንግላ እናቴ ጋ ላክኋቸው። ባለፈው እሑድ ስሄድ ሳሎን ግድግዳውን ይዛ ደርድራቸዋለች፣ ላያቸው ላይ ነጭ ዳንቴል አልብሳ። የማኅበር ጠበል ጠዲክ ነበር፣ ሴቶቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተቀምጠውባቸዋል። አንዷ እትዬ መቀመጫውን መታ መታ አድርገው «ከየት አመጣሽው፣ ምቹ ነው» አሏት። እናቴ ወደኔ አላየችም። «ልጄ ነው የገዛልኝ» አለች።

ቦሎ ስድስት ወር ቀርቶታል። እንዴት አድርጌ እንደማስመልሳቸው ሐሳብ ያለው ካለ ይጻፍልኝ።